የቋንቋ ጥያቄና መልስ፦ «በዛለት» ወይስ «በዛበት»?

በዚህ ዕትም ከጎጃም ከተሞች ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አምስቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይመካከሩ፣ ስለ አንድ ጉዳይ የሚጠይቁ ሆነው ስላገኘናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ጉዳዩ እንግሊዝኛ ከመጠን ማለፍን የሚገልጽባቸው ቃላትና አጠቃቀማቸው ነው። የእንግሊዝኛውን ቃል ሁሉ በራሳችን ፊደል ስለምንጽፍ አንባቢ የሚያገኘው ድምፁን እንጂ የእንግሊዝኛ አጻጻፉን አይደለም። በዚህ ገጽ ደጋግሞ የሚመጣው «ቱ» በአብዛኛው በእንግሊዝኛ በሁለት የ«ኦ» ፊደል የሚጻፈው ነው፤ በአንድ «ኦ» የሚጻፈው ሲመጣ እንናገራለን።

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ «በጣም» የሚለውን ቃል አንዴ «ቬሪ»፣ አንዴ «ቱ» እያሉ ይተረጉሙታል። «ቬሪ ለጥሩ ነገር፣ ቱ ለመጥፎ ነገር ነው» እያልኩ አስተምር ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ተማሪ «ታዲያ ‹ቬሪ ባድ› የምንለው ለምንድን ነው?» ብሎ አፋጠጠኝ። ምን ልመልስለት?

መልስ፦ ተማሪዎ ያፋጠጠዎት በትክክለኛው ቦታ ላይ ነው። ሁለቱ ቃላት በጥሩና በመጥፎ አይለያዩም። «ቬሪ» መጠንን ብቻ ይናገራል፤ «ቱ» ግን መጠኑን ከአንድ ወሰን ጋር ያስተያይና «አልፏል» ብሎ ይፈርዳል። «ቬሪ» ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ የመጣ፣ በመነሻው «እውነተኛ» ማለት የነበረ ቃል ነው፤ ስለ ቡና «ቬሪ ሆት» ሲባል ቡናው በእውነት ትኩስ ነው ከማለት አያልፍም፣ መጠጣት አለመጠጣቱ ለጠጪው የተተወ ነው። «ቱ ሆት» ሲባል ግን ፍርዱ አልቋል፦ ቡናው ለአፍ አልሆነም፣ ጥቂት ይቆይ። ከ«ቱ» ጀርባ ሁልጊዜ አንድ ያልተነገረ «ስለዚህ አይሆንም» አለ።

እኔ ይህን ያልተነገረ «አይሆንም» የተማርኩት ደጀን ላይ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የውጭ አገር እንግዳ ይዤ ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ስጓዝ፣ ደጀንን አልፈን የዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ስንደርስ፣ በመስኮት ወደ ታች እያሳየሁ «ዘ ሮድ ኢዝ ቱ ስቲፕ» አልኩት። ልናገር የፈለግሁት ቁልቁለቱ የሚያስደንቅ መሆኑን ነበር፤ ከአፋፉ እስከ ወንዙ ከ1000 ሜትር በላይ ይወረዳልና። እንግዳው የወንበሩን ቀበቶ ጠበቅ አደረገና ሌላ መንገድ እንዳለ ጠየቀኝ። እንግሊዝኛ የማይሰማው ሾፌራችን የሰውየውን ፊት በመስታወት አይቶ «ምነው፣ ‹አይወረድም› አልኸው እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ መዝገበ ቃላት አገላብጫለሁ፤ ለ«ቱ ስቲፕ» ከሾፌሩ «አይወረድም» የተሻለ ትርጉም ግን አላገኘሁም።

አሁን ለክፍልዎ የሚሆን መፈተኛ ልስጥዎ። አማርኛ ሁለቱንም «በጣም» ስለሚላቸው ልዩነቱን አያውቅም የሚሉ አሉ። ያውቀዋል፤ የሚያስቀምጠው ግን በግሱ ጅራት ላይ ነው። ለተማሪዎችዎ «ድግሱ ሰው በዛለት» እና «ድግሱ ሰው በዛበት» ብለው ሁለት ዐረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ ይጻፉላቸው። መጀመሪያው ሲነገር ደጋሹ ደስ ብሎታል፤ ሁለተኛው ሲነገር ጓዳ ውስጥ እንጀራው እየተቆጠረ ነው። የመጣው ሰው ቁጥር በሁለቱም አንድ ሊሆን ይችላል፤ የተለወጠው ድግሱ መቻሉና አለመቻሉ ነው። «ለት» ያለበትን «ቬሪ ሜኒ» ወይም «ኤ ሎት ኦፍ» እያላችሁ፣ «በት» ያለበትን «ቱ ሜኒ» እያላችሁ ተርጉሙ ቢሏቸው፣ ለዓመታት ያስቸገረው ነገር በአንድ ክፍለ ጊዜ መልክ ይይዛል። «ወጡ ጨው በዛበት» የሚለውን «ቬሪ ማች ሶልት» ብሎ የሚተረጉም ተማሪ ከዚያ በኋላ አያገኙም።

ሁለተኛው መደበቂያ ደግሞ «ኝ» ነው። «ጫማው ጠባብ ነው» እና «ጫማው ጠበበኝ» አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ስለ ጫማው ይናገራል፣ ሁለተኛው ጫማው ከእግሬ ጋር እንዳልተስማማ ይናገራል። እንግሊዝኛው «ዘ ሹዝ አር ቱ ታይት ፎር ሚ» ይሆናል፤ የእኛ «ኝ» ወደ «ፎር ሚ» ሄዷል፣ ከልክ ማለፉም በ«ቱ» ላይ ወጥቷል። «ሸክሙ ከበደኝ»፣ «መንገዱ ራቀኝ»፣ «ኮቱ ሰፋኝ»፣ «ቡናው መረረኝ» የሚሉት ሁሉ በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። ተማሪዎቻችን «መንገዱ ራቀኝ» ለማለት «ዘ ሮድ ኢዝ ቬሪ ፋር» ይላሉ፤ ሰዋስው አላፈረሱም፣ ነገር ግን አቤቱታቸው መንገድ ላይ ጠፍቷል፤ ፈረንጁ የሚሰማው የርቀት መረጃ ብቻ ነው።

መፈተኛው የማይሠራበት ቦታም አለ። «ዝናብ የሚበዛበት አገር» ስንል «በት» ስፍራን ብቻ ያመለክታል፤ ዝናቡ አገሩን ጎድቷል አላልንምና «ቱ ማች ሬን» ብሎ መተርጎም ስሕተት ይሆናል። «በት» ጉዳትን ሲያመለክት ብቻ ነው ወደ «ቱ» የሚወስደው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። ይህ በሁለት «ኦ» የሚጻፈው «ቱ» በጥንት ዘመን «ወደ» ማለት ከሆነው፣ በአንድ «ኦ» ከሚጻፈው «ቱ» ጋር አንድ ቃል ነበር፤ አጻጻፋቸው ተለይቶ የጸናው በ16ኛው መቶ ዘመን ገደማ ነው። በ«ሚ ቱ» ውስጥ «እኔም» የሚል ፍች የሚሰጠውም ይኸው ባለ ሁለት «ኦ» ቃል ነው፤ «በተጨማሪ» እና «ከሚበቃው በላይ» ከአንድ ሐሳብ የወጡ ናቸውና። በዋሸራ ወይም በጎንጅ ቅኔ የተማረ ሰው ቢያገኘው ኅብር ሳያወጣበት የሚያልፈው አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ከፍኖተ ሰላም የምጽፍ የበርበሬ ነጋዴ ነኝ። በኢሜይል ዋጋ ከላክሁላቸው የውጭ ገዢዎች አንዱ ዋጋህ «ኤ ቢት ስቲፕ» ነው ብሎ መለሰልኝ፤ ሌላው «ኤክሶርቢታንት» አለው። መዝገበ ቃላቴ ሁለቱንም «ውድ» ይላቸዋል። የትኛው ነው የተቆጣው? የላክሁትን ደብዳቤ ግልባጭ አያይዣለሁ።

መልስ፦ የተቆጣው ሁለተኛው ነው። «ስቲፕ» ደጀን ላይ እኔን ያሳፈረኝ ያው የቁልቁለትና የዳገት ቃል ነው፤ ለዋጋ ሲውል «ዳገት ሆነብኝ» እንደ ማለት ነው፣ «ኤ ቢት» ሲጨመርበት ደግሞ ገዢው ትንሽ ዝቅ ቢሉለት እንደሚወጣው እየነገረዎት ነው። ለእርሱ ዛሬውኑ ይጻፉለት። «ኤክሶርቢታንት» ግን በላቲን መነሻው ከመንኰራኵር ፈለግ መውጣት ማለት ነው፤ ጋሪው መንገዱን ስቶ ማሳ ውስጥ ገብቷል እንደ ማለት ነው። በዚህ ቃል የጻፈ ሰው ዋጋው ከገበያ ሥርዓት የወጣ መሆኑን እየተናገረ ስለሆነ፣ ከመደራደር በፊት ዋጋው ከየት እንደ መጣ ማስረዳት ይጠበቅብዎታል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ እርስዎን ሊያሳስብዎት የሚገባው ግን፣ አንድ ቀን ቢመጣ፣ «ኦቨርፕራይስድ» የሚለው ቃል ነው፤ ገንዘብ የለኝም ማለት ሳይሆን ዕቃህ ይህን ዋጋ አያወጣም ማለት ነውና፣ ስድቡ በርበሬው ላይ ያርፋል።

ደብዳቤዎን አንብቤዋለሁ። «አወር ፔፐር ኢዝ ቱ ማች ሆት» የሚለው መስመር ሁለት እንከን አለበት። በርበሬዎን ማመስገን ፈልገው «አይበላም» ብለዋል፤ «ቬሪ ሆት» ይበሉት። ሁለተኛ፣ «ቱ ማች» የሚመጣው ከስም በፊት ነው፣ «ቱ ማች ሶልት» እንደሚባለው፤ ቅጽል ሲሆን «ቱ» ብቻውን ይበቃል። ማጠንከር ከተፈለገ ቅደም ተከተሉ ይገለበጥና «ማች ቱ ሆት» ወይም «ፋር ቱ ሆት» ይባላል። «ዌይ ቱ ሆት» የሚልም ይሰማሉ፤ ለጓደኛ እንጂ ለንግድ ደብዳቤ አይሆንም።

ስለ «ቱ ማች» ከተነሣ አይቀር፣ «ቱ ማች ፒፕል» የሚለው ስሕተት ከእኛው አማርኛ የሚመጣ ነው። «ብዙ ሰው መጣ» ስንል ሰውን እንደ ውኃ በነጠላ እናፈስሰዋለን፤ እንግሊዝኛ ግን «ፒፕል»ን አንድ፣ ሁለት እያለ ስለሚቆጥር «ቱ ሜኒ ፒፕል» ይላል። ገንዘብን ደግሞ፣ ነጋዴ ሊያስቀው ቢችልም፣ አይቆጥርም፤ «ቱ ማች መኒ» ነው።

ጥያቄ፦ በሞጣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ለነጻ ትምህርት ዕድል በስልክ ቃለ መጠይቅ ሲደረግልኝ ጠያቂዋን «አይ አም ቱ ሀፒ ቱ ሚት ዩ» አልኋት። ለጊዜው ዝም አለችና ሳቀች። ምን ብዬ ነው?

መልስ፦ እኅታችን፣ «ደስታዬ ስለበዛ ላገኝዎት አልችልም» ነው ያልሻት። የሳቀችው ምን ማለት እንደፈለግሽ ስለገባት ነው፤ በዚህ ዕድልሽ የሚበላሽ አይመስለኝም። «ቬሪ ሀፒ» ወይም «ሶ ሀፒ» ብትዪ ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር።

«ቱ» ከቅጽል በፊት፣ በአንድ «ኦ» የሚጻፈው «ቱ» ደግሞ ከግስ በፊት ተከታትለው ሲመጡ፣ አሉታው ሳይነገር ውስጥ ገብቷል። ከእናንተ ከተማ በታች ዓባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ አስቢ። የድልድዩ መካከል ተሰብሮ በነበረበት ዘመን ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያ ማዶ ጕልበተኞች እየሳቡት ክፍተቱን ይሻገር ነበር። «ክፍተቱ ከመስፋቱ የተነሣ ሊዘለል አይችልም ነበር» የሚለውን በእንግሊዝኛ ስትዪው «ዘ ጋፕ ዋዝ ቱ ዋይድ ቱ ጃምፕ» ይሆናል። የእኛ «አይችልም» የት እንደገባ እዪ፤ እንግሊዝኛው ውስጥ «ኖት» የሚል ቃል የለም፣ «ቱ» ራሱ ውጦታል። ተማሪዎች አማርኛውን ተከትለው «ቱ ዋይድ ዛት ዊ ኩድ ኖት ጃምፕ» ይላሉ፤ ይህ የሁለት ልብስ እጅጌ አንድ ላይ እንደ መስፋት ነው። «ዛት»ን ከወደድሽ «ቱ»ን በ«ሶ» ለውጪ፦ «ዘ ጋፕ ዋዝ ሶ ዋይድ ዛት ዊ ኩድ ኖት ጃምፕ ኢት»። በዚህኛው ውስጥ «ኖት»ም «ኢት»ም ግድ ይላሉ፤ በመጀመሪያው ግን ሁለቱም አይገቡም። ስም ካለበት «ሰች» ይመጣል፣ «ሰች ኤ ዋይድ ጋፕ ዛት» እያለ ይቀጥላል።

በተቃራኒው ልኩ ሞላ ለማለት «ኢናፍ» ከቅጽሉ በኋላ ይመጣል፤ «ሎንግ ኢናፍ» ማለት ገመዱ ይደርሳል ማለት ነው። ከስም ጋር ሲሆን ደግሞ ይቀድማል፣ «ኢናፍ ሮፕ» እንደሚባለው።

አንድ ቀን «አይ አም ኦንሊ ቱ ሀፒ ቱ ሄልፕ» የሚል ሰው ብትሰሚ እንዳትደናገሪ፤ «ኦንሊ ቱ» አንድ ላይ ሲሆን ፍርዱ ይነሣና «እጅግ ደስ እያለኝ» ማለት ይሆናል። ለቀጣዩ ቃለ መጠይቅ ግን እርሱን አልመክርሽም፤ «ኦንሊ»ን ከረሳሽው ተመልሰሽ እዚያው ነሽ።

ጥያቄ፦ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ባለ ወረዳ የግብርና ባለሙያ ነኝ። በእንግሊዝኛ ባዘጋጀሁት ሪፖርት «ኤክሴሲቭ ሬንፎል» ያልኩትን የበላይ ኃላፊዬ «ሄቪ ሬንፎል» ብለው አረሙት። «ወረዳችን ትርፍ አምራች ነው» የሚለውንም «ኤክሴስ» በሚል ቃል ስለተረጎምኩት ተሳቀብኝ። በሁለቱም ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ በአንዱ ልክ ነዎት። «ሄቪ» ዝናቡ ብዙ መሆኑን ይናገራል፤ «ኤክሴሲቭ» ደግሞ ሰብሉ ወይም አፈሩ ከሚችለው በላይ መሆኑን ይፈርዳል። ሪፖርትዎ ቀጥሎ ድንቹ ማሳው ላይ እንደ በሰበሰ የሚገልጽ ስለሆነ፣ የእርስዎ ቃል ከምክንያቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ እንዲመለስልዎት ይጠይቁ። ዝናቡ በሚሊሜትር ተለክቶ በሠንጠረዥ የሚቀርብበት ክፍል ላይ ግን «ሄቪ» ይሻላል፤ ሠንጠረዥ አይፈርድም።

በ«ትርፍ አምራች» ላይ ግን ሳቁ ተገቢ ነበር። ትክክለኛው «ሰርፕለስ ፕሮዲዩሲንግ» ነው። «ሰርፕለስ» የሚያስፈልገው ሁሉ ከተሟላ በኋላ የተረፈው ነው፤ ጎጃም ጤፉንና በቆሎውን ወደ ሌላ ክፍለ አገር የሚልከው ከዚህ ነውና ስሙ የምስጋና ነው። «ኤክሴስ» ደግሞ መኖር ያልነበረበት ነው፦ ከማሳ በቦይ የሚወጣው ውኃ፣ በአውሮፕላን ጉዞ ከተፈቀደው ኪሎ በላይ ሆኖ የሚያስከፍለው ሻንጣ። ቃሉ በላቲን አልፎ መሄድ፣ ወጥቶ መሄድ ማለት ነው፤ አማርኛም «ከልክ ያለፈ» ሲል የሚያስኬደው ያንኑ እግር ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ይያዙ፦ «ኢን ኤክሴስ ኦፍ» ከቁጥር በፊት ሲመጣ «ከዚህ የሚበልጥ» ማለት ብቻ ነው፣ ነቀፌታ የለበትም። «ኤክሲድ» የሚለው ግስም በራሱ አይነቅፍም፤ ምርቱ ዕቅዱን «ኤክሲድ» ቢያደርግ ሽልማት ያስገኛል፣ መድኃኒት ላይ የታዘዘውን መጠን «ኤክሲድ» ማድረግ ግን ሆስፒታል ያስገባል።

ድንቹ ሳይበሰብስ በደኅና ወጥቶ ገበሬው ሁሉ በአንድ ሳምንት ገበያ ቢያወርደውና ዋጋው ቢወድቅስ? ለዚያ እንግሊዝኛ «ግላት» የሚል አጭር ቃል አለው፤ ከመዋጥና ከመጥገብ ጋር የተያያዘ ስለሆነ «ገበያው ጠግቦ ቀረ» ብለው ቢያስቡት አይርቁም። ያው ድንች ጎተራ ውስጥ «ሰርፕለስ»፣ ገበያ ላይ «ግላት» ይሆናል ማለት ነው።

በዚሁ ሪፖርት ሦስተኛ ገጽ ላይ ደግሞ «ሱፐርፍሉየስ ሀርቨስት» የሚል አይቻለሁ፤ እርስዎ ሳይጠይቁኝ ላርመው። ምርቱ ተትረፈረፈ ለማለት ነው የተጻፈው፣ መዝገበ ቃላቱም ያሳሳተዎት ይመስለኛል። «ሱፐርፍሉየስ» በመነሻው ሞልቶ መፍሰስ ነው፤ «አባንዳንት»ም በመነሻው እንደ ማዕበል ሞልቶ መፍሰስ ነው። ሁለት የላቲን ልጆች ከአንድ ሥዕል ተነሥተው አንዱ ወደ ነቀፋ፣ አንዱ ወደ ምርቃት ሄዱ። «ሱፐርፍሉየስ» የማያስፈልግ፣ ቢቀር የማይጎዳ ማለት ነውና ለተደጋገመ ማብራሪያና ለቃላት ብዛት ይውላል፤ የገበሬውን አዝመራ በዚህ ስም መጥራት ግን ኀጢአት ነው። «አባንዳንት ሀርቨስት» ይበሉት።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ። ትራፊክ ፖሊስ «ኦቨርሎድ» ብሎ ይቀጣናል፣ ልጆቼ ደግሞ ትንሽ ቆጣ ስል «አባዬ፣ ኦቨር አታድርግ» ይሉኛል። «ኦቨር» ያለበት የእንግሊዝኛ ቃል ሁሉ ከመጠን ማለፍ ነው?

መልስ፦ አይደለም። «ኦቨር»ን አንሥተው ከቃሉ በስተኋላ «ቱ ማች» ያስቀምጡና ትርጉም ከሰጠ ከመጠን ማለፍ ነው። «ኦቨርሎድ» ከልክ በላይ መጫን፣ «ኦቨርቻርጅ» ከልክ በላይ ማስከፈል፣ «ኦቨርኩክ» ከልክ በላይ ማብሰል ነው፤ መፈተኛው ሠራ። እርስዎ በየቀኑ የሚያደርጉት «ኦቨርቴክ» ግን ከፊት ያለን መኪና ቀድሞ ማለፍ ነው፤ ብዙ መውሰድ አይደለም። «ኦቨርታይም»ም ከመደበኛው ሰዓት ውጭ መሥራት ነው እንጂ ጥፋት አይደለም፣ ክፍያ አለው።

ከሁሉም የሚያሳስተው «ኦቨርሉክ» ነው። አጥብቆ ማየት ይመስላል፤ ሳያዩ ማለፍ ነው። የቅርብ ዘመዱ «ኦቨርሳይት» ደግሞ አንዴ «ቁጥጥር»፣ አንዴ «በቸልታ የተፈጠረ ስሕተት» ማለት ይሆናል፤ ስለዚህ መሥሪያ ቤትዎ በእንግሊዝኛ «ኦቨርሳይት ነበረ» ብሎ ቢጽፍልዎት፣ ተቆጣጣሪ ነበረ ወይም ስሕተት ተፈጽሟል ማለቱ እንደሆነ ከቀጣዩ ዐረፍተ ነገር በፊት አይወስኑ።

ልጆችዎ የሚሉት «ኦቨር» የከተማ አማርኛ ሆኖ ቀርቷል፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ቢሰማው «አለቀ» የሚላቸው ይመስለዋል፣ ቃሉ ብቻውን ሲቆም ትርጉሙ «አበቃ» ነውና። በእንግሊዝኛ ሊያስቆሙዎት ከፈለጉ «ዶንት ኦቨርዱ ኢት» ይበሉዎት።